ጣይቱ ብጡል

እቴጌ ጣይቱ ብጡል (የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል) የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለቤትና ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ እቴጌ ነበሩ። በሰሜን ሸዋ በአንኮበር ከተማ ከምኒልክ ጋር በቁርባን የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። በውጫሌ ውል ክርክር፣ በአዲስ አበባ መቆርቆርና በዐድዋ ዘመቻ በነበራቸው ድርሻ ይታወቃሉ። ያረፉት የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው።

ጣይቱ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ባሎችን አግብተው ፈትተዋል። ከአንዱም ባል ስም ግን አልወሰዱም። የሸዋ ንጉሥ ሚስት ሲሆኑም፣ እቴጌ ተብለው ዘውድ ሲጭኑም፣ ከሥልጣን ተገልለው እንጦጦ ላይ ሲያርፉም የአባታቸው ስም ከስማቸው ቀጥሎ ነበር። ይህ የእሳቸው የተለየ አቋም ሳይሆን የአገሩ ልማድ ነው። ሆኖም በጣይቱ ሕይወት ውስጥ የአባት ስም ተራ መጠሪያ ብቻ አልነበረም። ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ያመጡት ኃይል ከዚያ ስም ጋር የተያያዘ ነበር። በኋላ ያገለላቸው ወገንም የተቃወማቸው በዚያው ስም ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የስማቸው ትርጉምና አወጣጥ

ጣይቱ የሚለው ስም ጣይ ከሚለው የአማርኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፀሐይ ማለት ነው። ብጡል ደግሞ የአባታቸው የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም መጠሪያ ነው። ይህ ሁለተኛ ስም በአውሮፓ እንደተለመደው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አይደለም። አንድ ትውልድ ብቻ የሚያገለግል የአባት ስም ነው። የጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም ሲባሉ ልጆቻቸው ጣይቱ ብጡል፣ ወሌ ብጡል፣ አሉላ ብጡልና ደስታ ብጡል ተባሉ። የወሌ ልጅ ደግሞ ጉግሣ ወሌ ይባላል እንጂ ጉግሣ ብጡል አይባልም።

በዚህ አጠራር የአባት ስም የማን ልጅ ነህ፣ የማን ልጅ ነሽ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሴት ልጅ ብታገባም ብትፈታም የአባቷ ልጅ መሆኗ ስለማይለወጥ ስሟም አይለወጥም። የባሏን ስም ከስሟ ቀጥላ ብትጠራ ሰሚው ሚስት ሳይሆን ልጅ አድርጎ ይረዳታል።

ጣይቱ ከዚህ ሌላ ሁለት ዓይነት መጠሪያ ነበራቸው። አንደኛው በጥምቀት የተሰጣቸው ወለተ ሚካኤል የሚለው የክርስትና ስም ነው። ይህ ስም በቤተ ክርስቲያን፣ በቁርባንና በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ የሚጠራ ነው። ሁለተኛው በነገሡ ጊዜ የተሰጣቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለው የክብር ስም ሲሆን ከፀሐይ ስማቸው ጋር የሚስማማ ነው። ስለዚህ በሕይወታቸው ውስጥ ስም ተጨምሮላቸዋል። የተጨመረው ግን በጥምቀትና በዘውድ እንጂ በጋብቻ አይደለም።

ትውልድና አስተዳደግ

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ነው። በአባታቸው በኩል ከሰሜን ገዥዎች ቤት ናቸው። በትግራይና በሰሜን ለብዙ ዓመታት የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የብጡል ወንድም፣ ማለትም የጣይቱ አጎት ነበሩ። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ይቆጥር የነበረ ሲሆን ከየጁ ባላባቶችም ጋር ዝምድና ነበረው። የእናታቸው ስም ወይዘሮ የውብዳር ይባላል።

ጣይቱ ገና ልጅ ሳሉ የሰሜን ቤት ወደቀ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤም ታሰሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። የጣይቱ የአጎት ልጅ የሆኑት እኚህ እቴጌ የአባታቸውን ጠላት አግብተውም ጥሩወርቅ ውቤ ተብለው ነው የሚታወቁት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት የቴዎድሮስ ሚስትም የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ዓሊ ነበሩ። ሁለቱም ሴቶች ባላቸው ድል ያደረጋቸውን ሰዎች ስም ይዘው በባላቸው ቤት ኖረዋል።

ጣይቱ በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም እንደተማሩ ይነገራል። በዘመኑ ለሴቶች ብዙ ያልተለመደውን ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። ግዕዝ መማራቸው፣ ቅኔ መውደዳቸውና በገና መደርደራቸውም በታሪካቸው ይወሳል።

ከምኒልክ በፊት የነበሩ ጋብቻዎች

ጣይቱ ወደ ሸዋ ከመምጣታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተዋል። ይህ ለዘመኑ መኳንንት እንግዳ ነገር አልነበረም። ጋብቻ በሁለት ቤቶች መካከል የሚደረግ ስምምነት ስለነበር ስምምነቱ ሲፈርስ ፍቺ ይከተል ነበር።

በዚያ ዘመን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሁለት ዋና ዋና የጋብቻ ዓይነቶች ነበሩ። አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነው። በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱም ወገኖች ያመጡት ሀብት ተቆጥሮ ይታወቃል፤ በፍቺ ጊዜ እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ ይወጣል፤ አብረው ያፈሩትንም ይካፈላሉ። ሁለተኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙን ስለሚቀበሉ ይህ ጋብቻ በፍቺ አይፈርስም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ወደ ቁርባን የሚሄዱት ዕድሜያቸው ከገፋና በትዳራቸው ከረጉ በኋላ ነበር።

የሴት ስም በጋብቻ የማይለወጥበት ምክንያት ከዚህ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ይወረሳል። ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል የርስት ድርሻ አላት። ድርሻዋን ለመጠየቅ ዘሯን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ይኖርባታል፤ የዚህ ቆጠራ የመጀመሪያው እርከን የአባቷ ስም ነው። ባል የዚህ ቆጠራ አካል አይደለም። ጋብቻ በፈረሰ ቁጥር የምትለውጠው ስም ቢሆን ኖሮ ለርስት ክርክር የሚረዳ ምስክር ባልሆነም ነበር።

የሸዋ ቤተ መንግሥትና ወይዛዝርቱ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ጫፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሸዋ ገዥዎች ዋና መቀመጫ ነበረች። ምኒልክ የተወለዱት ግን ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርንና አንጎለላን እየተፈራረቁ ይቀመጡባቸው ነበር። የሣህለ ሥላሴ ሚስት ወይዘሮ በዛብሽ ወልዴም የንጉሥ ሚስት ሆነው የአባታቸውን ስም እንደያዙ ይታወቃሉ።

ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። እዚያ ሳሉ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽ ቴዎድሮስን አገቡ። የጣይቱ ወንድም ወሌ ብጡልም በመቅደላ ከምኒልክ ጋር እንደተዋወቁ ይነገራል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ አልጣሽ እዚያው ቀሩ። ሚስት በባሏ ሳይሆን በአባቷ እንደምትቆጠር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ብዙ የለም፤ አልጣሽ የቴዎድሮስ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ዘንድ ቀርተዋል።

ከዚያ በኋላ ምኒልክ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ለብዙ ዓመታት ኖሩ። ባፈና ከሌላ ባል የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው። በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ለዘመቻ ከሸዋ በራቁበት ጊዜ በአንኮበር በተነሳው ሴራ ስማቸው ይነሳል። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ገበሩ። ከዚህ ስምምነት በኋላ ለወደፊቱ የንጉሠ ነገሥትነት ተስፋቸው በሰሜን በኩል ዘመድና ወዳጅ ማፍራት ያስፈልጋቸው ነበር። ከባፈና ጋር የነበረው ኑሮም ፈረሰ።

የአንኮበር ጋብቻ

ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ 38 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱም ቀድሞ ያገቡና የፈቱ ሰዎች ሲሆኑ በቁርባን መጋባታቸው ከእንግዲህ ፍቺ የለም ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት መሠረት በቁርባን ፊት የሚጠራው የክርስትና ስም በመሆኑ፣ የተጋቡት ሣህለ ማርያምና ወለተ ሚካኤል ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ደግሞ ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ነበሩ።

ጋብቻው ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነበረው። ምኒልክ የሰሜንና የየጁ ዝምድና አገኙ። የብጡል ቤት ደግሞ ከደረስጌ ውድቀት ከ28 ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥት ቀረበ። ይህ ጥቅም ሊገኝ የቻለው ሙሽራዋ የብጡል ልጅ መሆናቸው ሁልጊዜ ሲታወስ ብቻ ነው። የሸዋ መኳንንት ስማቸውን በሰሙ ቁጥር ከኋላቸው ማን እንዳለ ያውቁ ነበር።

በዚያው ዓመት የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ምኒልክ ገና በልጅነቷ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ ተዳረች። ከሸዋ ወደ ትግራይ የሄደችው ሙሽራም በተመሳሳይ መንገድ የአባቷን ስም ይዛ ሄደች።

እቴጌነት

በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አካባቢ ቤት አሠሩ። የአዲሱን ሰፈር ስም አዲስ አበባ ብለው ያወጡትም እሳቸው ናቸው። የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ነገሡ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 27 ቀን ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እቴጌ የሚለው ማዕረግ ከባል ማዕረግ ጋር የሚሰጥ ቢሆንም ከማዕረጉ በኋላ የሚጠራው ስም የራስ ስም ነው። በኋላ ዘመን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤትም እቴጌ መነን አስፋው ተብለው የተጠሩት በዚሁ ልማድ ነው።

በውጫሌ ውል ጉዳይ ጣይቱ ጠንካራ አቋም ነበራቸው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የዚህ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ ትችላለች ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታዋ ያደርገዋል። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ይህን ለማሳመን ሲመጡ ጣይቱ በድርድሩ ተገኝተው ተከራክረዋል። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. መፍረሱን አስታወቁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ውኃ በማስያዝ ምሽጉን እንዲለቅ ያደረገው ዘዴ የእሳቸው ምክር እንደነበር ይታወቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ዕለትም በግንባር ተገኝተው ሠራዊቱን አደፋፍረዋል፤ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ እንዲቀርብና ቁስለኛው እንዲረዳ አድርገዋል።

በሰላሙ ጊዜ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል አቋቋሙ። ሆቴሉ እስከ ዛሬ በስማቸው ጣይቱ ሆቴል ይባላል።

የብጡል ቤትና የጋብቻ ፖለቲካ

ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ሥልጣናቸውን ያጸኑት በወንድሞቻቸውና በወንድሞቻቸው ልጆች ነው። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ነበሩ። የወሌ ልጅ ከፈይ ወሌ ለራስ መንገሻ ዮሐንስ ተዳሩ። የወሌ ወንድ ልጅ ጉግሣ ወሌ ደግሞ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ የራስ መንገሻና የከፈይ ወሌ ልጅ ሮማነወርቅ መንገሻ ተዳረችላቸው።

እነዚህን ጋብቻዎች በስም ብቻ ለመከታተል የሚሞክር አንባቢ በቀላሉ መንገድ ይስታል። ጣይቱ ብጡል፣ ከፈይ ወሌ፣ ሮማነወርቅ መንገሻ የአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ናቸው። ከፈይ የጣይቱ የወንድም ልጅ፣ ሮማነወርቅ ደግሞ የከፈይ ልጅ ናት። ሦስቱን የሚያገናኝ የጋራ ስም ግን የለም። የኢትዮጵያን መኳንንት ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ከስሙ ይልቅ የትውልድ ሐረጉ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የምኒልክ ልጅ ሸዋረጋ ምኒልክ ሌላ ምሳሌ ናቸው። መጀመሪያ የራስ ጎበና ልጅ የሆኑትን ወዳጆ ጎበናን አግብተው ወሰን ሰገድ ወዳጆን ወለዱ። ቀጥሎ የወሎውን ራስ ሚካኤልን አግብተው ኢያሱ ሚካኤልን ወለዱ። ሁለቱ ልጆች የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ የአባት ስማቸው ይለያያል። የእናታቸው ስም ግን በሁለቱም ትዳር ሸዋረጋ ምኒልክ ነው።

ከሥልጣን መገለል

ዐፄ ምኒልክ በሕመም እየተዳከሙ ሲሄዱ ሹመትና ሽረት በጣይቱ እጅ እየገባ መጣ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ሕመሙ ሲጠናባቸው የቤተ መንግሥቱ ሥራ ሁሉ በእቴጌይቱ ፈቃድ መሄድ ጀመረ። የሸዋ መኳንንት ይህን በስጋት ተመለከቱት። ስጋታቸው የመንግሥቱ ሥልጣን ከሸዋ ወጥቶ ወደ የጁና ወደ ሰሜን ወገን፣ ማለትም ወደ ብጡል ቤት እንዳይሄድ ነበር። ጣይቱ በሸዋ 27 ዓመት ያህል ኖረዋል። ለዐድዋ ዘምተዋል፤ አዲስ አበባን ሰይመዋል። በመኳንንቱ ዓይን ግን የንጉሡ ሚስት ከመሆናቸው በፊት የብጡል ልጅና የወሌ እኅት ነበሩ።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የማኅል ሰፋሪ ሠራዊት መሪዎች ተስማምተው እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉና የታመሙትን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። የመንግሥቱ ሥራ በእንደራሴው በራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እጅ ገባ። ጣይቱ ባላቸውን እስከ መጨረሻው አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ።

የአባት ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። ሴትየዋ በባሏ ቤት የራሷ ወገን፣ የራሷ ርስትና የራሷ ክብር እንዳላት ያሳያል። ነገር ግን የባሏ ወገን ሲቀየማት የእኛ አይደለችም ለማለት የሚጠቀምበትም ይኸው ስም ነው። ጣይቱ ሁለቱንም ቀምሰዋል።

የመጨረሻ ዓመታትና ዕረፍት

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱ አልጋውን ለዘውዲቱ ሰጡ። ልጅ ኢያሱ በእናታቸው የምኒልክ የልጅ ልጅ ቢሆኑም ስማቸው ኢያሱ ሚካኤል ነው። ዘውዲቱ ግን ዘውዲቱ ምኒልክ ነበሩ። ለመኳንንቱ ምርጫ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩ፤ ሆኖም የምኒልክ ልጅ መሆናቸው ከስማቸው የሚሰማ መሆኑ ለንግሥናቸው ትልቅ ድጋፍ ነበር። የጣይቱ ወንድም ልጅ ጉግሣ ወሌ ባላቸው ቢሆኑም ከእሳቸው ተለይተው ከዋና ከተማው እንዲርቁ ተደረገ። የብጡል ቤት እንደገና ወደ ቤተ መንግሥት እንዳይቀርብ የነበረው ጥንቃቄ ገና አልቀረም ነበር።

ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱ ልክ ከአንድ ዓመት በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። አስከሬናቸው በኋላ ዘውዲቱ ለአባታቸው መታሰቢያ ባሠሩት በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከምኒልክ ጋር አርፏል። በአንኮበር መድኃኔ ዓለም አብረው የቆረቡት ባልና ሚስት በመካነ መቃብርም አንድ ላይ ናቸው።

ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲሞቱ፣ ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

ልማዱ ከጣይቱ በኋላ

በጣይቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት በባሏ ስም ትጠራ ነበር። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም እንዲጠሩ አዘዘ። በሌላ በኩል በአይስላንድ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የአባት ስም የሚሠራው ለአንድ ትውልድ ነው፤ ሴትም በጋብቻ አትለውጠውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ልማድ በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለም።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም የሚባል የጋራ ስም ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በዕለት ኑሮው ቀድሞ በለመደው መንገድ ቀጠለ። ዛሬም በመታወቂያና በትምህርት ማስረጃ ላይ የሚጻፈው የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ሴት ስታገባ የሚለወጠው ከስሟ በፊት ያለው መጠሪያ ነው፤ ወይዘሪት የነበረችው ወይዘሮ ትባላለች። በጣይቱ ዘመን ወይዘሮ የሚለው ቃል የትልቅ ሰው ልጅ መሆንን የሚያመለክት የክብር መጠሪያ ነበር፤ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው።

በአንዳንድ የአማራ ገጠሮች አማት ለአዲሷ ሙሽራ የቤት ስም ታወጣላታለች። ምራቲቱ በባሏ ወላጆች ቤት በዚያ ስም ትጠራለች። ይህ ስም ግን የራስ ስምን የሚተካ የፍቅር መጠሪያ እንጂ የአባት ስምን የሚነካ አይደለም። ለቅሶ ላይ፣ በዳኛ ፊትና በርስት ክፍፍል ጊዜ ሴቲቱ ተመልሳ የእገሌ ልጅ ናት።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ልማድ ከሌላ ሥርዓት ጋር ማስታረቅ ይኖርባቸዋል። ቅጽ ሲሞሉ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ባል የአባቱን፣ ሚስት የአባቷን፣ ልጆች ደግሞ የአባታቸውን ስም ይጽፋሉ። በዚህም አንድ ቤተሰብ ሦስት የተለያየ ስም ይዞ ይገኛል። እናት ከልጇ ጋር ስትጓዝ እናትነቷን የሚያስረዳ ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለች። አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ የባላቸውን አባት ስም ይወስዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወረቀቱን ይዘው መጓዝን ይመርጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ይህን ሲያደርጉ በኢትዮጵያ አጠራር የባላቸው እኅት የሚያስመስል ስም እንደያዙ የሚያስተውለው አማርኛ ተናጋሪው ብቻ ነው።

ጣይቱ ብጡል በዐድዋና በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ በጋብቻቸው የተከፈተ ቢሆንም፣ የታሪክ መጻሕፍት የመዘገቧቸው ይዘውት በመጡት ስም ነው። ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወሱት በራሳቸው ሥራ ሳይሆን ልጃቸው እስከ መጨረሻው በያዙት ስማቸው ነው።